ስለ ባዮፊልም ጠይቁኝ፦ ቁስል ላይና ሰውነት ውስጥ ስለሚገቡ ቁሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የቁስል መሸፈኛዎችንና ሰውነት ውስጥ የሚቀመጡ ቁሶችን ባክቴሪያ እንዳይወርራቸው ለማድረግ እንሞክራለን። የመሰላችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባዮፊልም ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥርስ ሳይቦረሽ ሲያድር ምላስ ላይ የሚሰማው ሙልጭልጭ ነገር ባዮፊልም ነው። ባክቴሪያዎች አንድ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያ ከስኳር ሰንሰለት፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ የተሠራ ዝልግልግ ነገር ያመነጩና እዚያው ውስጥ ይኖራሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳህኑን በውሃ ሳለቀልቀው የሚንሳፈፉት ታጥበው ይሄዳሉ። ቀለም ስጨምርበት ግን ግድግዳው ላይ የቀረው ንጣፍ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ደግሜ ባጥበውም ንቅንቅ አይልም።

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲክ ለምን ያቅተዋል?

መልስ፦ ብዙ ሰው መድኃኒቱ ዘልቆ ስለማይገባ ብቻ ይመስለዋል። ሌላም ትልቅ ምክንያት አለ። ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብና ኦክስጅን ስለሚያንሳቸው ያንቀላፋሉ። አብዛኛው አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚመታው የሚያድገውንና የሚባዛውን ነው። መድኃኒቱ ሲቆም የተረፉት ይነቃሉ።

ጥያቄ፦ የእናቴ ጉልበት በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተክቶ ነበር። ከወራት በኋላ አመረቀዘና «ብረቱ መውጣት አለበት» አሉን። መድኃኒት ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ እናትህን እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ኢንፌክሽኑ ገና በጠዋቱ ከተያዘ ከፍቶ አጥቦ፣ በብረቶቹ መሃል ያለውን ፕላስቲክ ቀይሮ ብረቱን ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ከቆየ ግን ባዮፊልሙ ብረቱን ይዞታል። ብረት ደግሞ የደም ሥር የለውም፤ የሰውነት መከላከያ እንደልቡ አይደርስበትም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያወጡትና በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ ያስቀምጣሉ። ሲጸዳ አዲሱን ይተካሉ።

ባዕድ ነገር ምን ያህል ለባክቴሪያ እንደሚያግዝ ከቆየ ሙከራ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመራማሪዎቹ ኤሌክና ኮነን የፈቃደኞች ቆዳ ላይ ሲሞክሩ፣ መግል ለማስያዝ ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች በሚሊዮኖች ያስፈልጉ ነበር። የስፌት ክር ሲጨመር ግን መቶዎች በቁ። ለዚህ ነው ከመነሻው እንዳይለጠፍ ማድረግ ላይ ሙጭጭ የምንለው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በብር መለበጥ አይሻልም? ብር ጀርም ይገድላል ይባላል።

መልስ፦ ማዕድኑ ብር በእርግጥ ይገድላል። እርጥበት ሲያገኝ የሚለቃቸው አየኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የብር ቅንጣቶች፣ የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች ያበላሻሉ። ግን የእኛንም ሴሎች ሊጎዳ ይችላል። በብር የተለበጠ ቀለበት ያለው የልብ ቫልቭ ወጥቶ ነበር፤ በቫልቩ ዙሪያ ደም እየሾለከ ማለፉ ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ2000 ከገበያ ተሰበሰበ። ተመራማሪው ግሪስቲና እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን የገጹ እሽቅድምድም ብሎታል፤ የእኛ ሴል ወይስ ባክቴሪያው ቀድሞ ይይዘዋል? ሁለቱንም ሯጮች የሚያደናቅፍ ልባጥ አልረዳንም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ያለ መድኃኒት የሚከላከል አለ?

መልስ፦ አለ፤ እኔም በጣም የምወደው ይህን ነው። ሲካዳ የምትባል ነፍሳት ክንፏ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እሾሆች አሏት። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲያርፍበት ሽፋኑ ተወጥሮ ይቀደዳል። ይህ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ያንኑ ቅርጽ ታይታኒየም በሚባለው ብረት ላይ ለማውጣት ይሞከራል። ችግሩ፣ ስታፊሎኮከስ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ አይበገርም። የሞቱትም እላዩ ላይ ይከማቻሉ።

ጥያቄ፦ ቁስል ላይ ማር መቀባትስ?

መልስ፦ ለሕክምና ተብሎ በጨረር የጸዳው ይጠቅማል። የወጥ ቤቱን ግን እንዳትሞክሩት፤ የባክቴሪያ ዘር ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ በሰው ላይ ተሞክሮ የሠራ አለ?

መልስ፦ አዎ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የሚገባበት፣ ሚኖሳይክሊንና ሪፋምፒን የሚባሉ አንቲባዮቲኮችን ቀስ በቀስ የሚለቅ የመረብ ከረጢት አለ። መረቡ ራሱ በሳምንታት ውስጥ ይሟሟል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት፣ ወደ 7,000 በሚጠጉ ታካሚዎች ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ከ1.2 በመቶ ወደ 0.7 በመቶ ወርዷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ የዳነ ሰው ዳግም ከመከፈት ተረፈ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ የእግር ቁስል ወራት አለፈው። ጥሩ ፕላስተር ብንገዛ ይበቃል?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም እህቴ። መጀመሪያ ባለሙያው የሞተውን ሥጋ ማንሳት አለበት። ባዮፊልሙ ከተጠረገ በኋላ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። ጀርም የሚከላከለው መሸፈኛ የሚጠቅመው ያኔ፣ ገና እንደተጠረገ ነው። የእግሩ የደም ዝውውርና ስኳሩም ይታይ።