ጫቱን ተወ፣ አሁን ደግሞ ቡድኑን ሊተው ነው

የጻፈችልን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምትኖር አንባቢ ናት። ባሏ ጫቱንም፣ ከጫቱ በኋላ የሚጠጣውን ጨብሲም ካቆመ አምስት ወሩ ነው። በሳምንት ሁለቴ ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ስብሰባ ይሄዳል። ባለፈው ወር አንድ ቀን ቃመና ለቡድኑ ተናገረ። ሁሌም ወሬውን የሚጠቀልለው አንድ ነባር አባል በሰው ፊት ወረፈው። አሁን «አልሄድም» ብሏል። «የቤታችንን ጉድ ለእነሱ ይዘከዝካል፣ ለእኔ ዝም ነው፤ ቢቀር በውስጤ ደስ ይለኛል» ትላለች።

እህቴ፣ ድሬ አንቱታ ስለማይወድ በአንቺ ልቀጥል። ደስታሽን ሳትደብቂ መጻፍሽ ጥሩ ነው። ድሮ በርጫው ወሰደብሽ፣ ሲተው ደግሞ ቡድኑ። «የእኔ ተራ መቼ ነው?» ብትይ አይፈረድብሽም።

ግን እኛ ጋ ጫት ቅጠሉ ብቻ አይደለም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ፍራሹ ይነጠፋል፣ ጓደኛው፣ ቀልዱ፣ የሥራ ወሬው ሁሉ እዚያ ነው። ባልሽ ሰዎቹንም ነው የተወው። ጫት ሲተው እንቅልፍ የሚነሳው ዱካክ ያልፋል፣ ያ ባዶ ከሰዓት ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ቡድኑ የሞላለት እሱን ነው። ለእነሱ አፉ የሚፈታው አስበልጧቸው እንዳይመስልሽ። ለሱሱ ብሎ የአስቤዛውን ብር ያነሳው ከአንቺ ላይ ነው፣ እነሱን ምንም አልበደላቸውም።

እንደዚያ እንደወረፈው ሰውዬ ያለ ደግሞ በየቡድኑ አለ። ቀድሞ ያቆማል፣ ቀስ በቀስ ዳኛ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፣ የሌላው ማገርሸት የራሱን ያስታውሰዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሌሎቹ ዝምታ ነው። አንዱ እውነቱን ተናግሮ ሲወረፍ ያየ ሁሉ በሚቀጥለው «ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል፣ ከዚያ ስብሰባው የውሸት ይሆናል። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች የጀመሩት የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር አባል ለመሆን የሚጠይቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። መሪዎቹም አገልጋይ እንጂ አዛዥ አይደሉም። ያገረሸበት ሰው የሚባረርበት ወይም የሚዋረድበት ቦታ ከሆነማ ለማን ተቋቋመ?

ባልሽ አስተባባሪውን ለብቻው ያናግር። ሁሉም እኩል ደቂቃ ይኑረው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ፣ ምክርም ካልተጠየቀ አይስጥ። እምቢ ካሉ ሌላ ቡድን ይፈልግ፣ ሌላ ሳያገኝ ግን ይሄኛውን አይልቀቅ። አንቺ ሄደሽ እንዳታስታርቂ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወደ ዕለት ተዕለት መጠጥ ከተመለሰ ቤት ውስጥ በድንገት አቁም አትበይው። የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ይሁን።

ስብሰባ ላይ ያለውን ድገምልኝ አትበይው፣ እዚያ የተባለ እዚያ ይቅር። የብሩንና የልጆቹን ጉዳይ ግን ለአንቺ መንገር አለበት፣ ይሄን በግልጽ ጠይቂው። ከሰዓቱን እንዴት እንደሚያሳልፍም አብራችሁ ተነጋገሩ። ማክሰኞ ከሄደ ደግሞ «ምን አሉህ?» ብለሽ በር ላይ አትጠብቂው አቦ፣ መጀመሪያ እራቱን ይብላ።