አራተኛው ሰርተፊኬት

ጥያቄ፦
ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለዓይነ ስውራን አገልግሎት በሚሰጥ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ነኝ። መጽሐፍ በድምፅ የሚቀርጹ፣ በጣት ወደሚነበበው የብሬል ጽሕፈት የሚገለብጡ፣ ፈተና ላይ የሚያነብቡና የሚጽፉ፣ መንገድ የሚመሩ 40 ያህል ሰዎች አሉን። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 5፣ የዓለም የበጎ ፈቃደኞች ቀን ሲከበር፣ እኛም አዳራሽ እናዘጋጃለን። ንግግር አለ፣ ሰርተፊኬት አለ፣ ፎቶ አለ። ባለፈው ግን ከግማሽ በላይ አልመጡም። አንዷን ለምን እንደቀረች ስጠይቃት «ሰርተፊኬቱን የት ላደርገው ነው? አራተኛዬ እኮ ነው» አለችኝ። ብዙ ገንዘብ የለንም። ምን ባደርግ ይሻላል? ደግሞ ለዓመታት ብሬል የገለበጡልን አንዲት እናት ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ሊያቆሙ ነው። እሳቸውን ለብቻ ብናከብር ሌሎቹ ቅር ይላቸው ይሆን?

መልስ፦
እህቴ፣ አራተኛ ሰርተፊኬቷን የምታስቀምጥበት ያጣችው ልጅ እውነቷን ነው። «ላደረጉት በጎ አስተዋጽኦ» የሚል ወረቀት ላይ የማንንም ስም ብትጽፊበት ልክ ይመጣል። ስለ እሷ የሚናገረው ነገር የለም።

እኔ የማወራሽ ከሚነበብለት ወገን ሆኜ ነው። ተማሪ ሳለሁ መጽሐፍ በካሴት የሚቀርጽልኝ አንድ ሰው ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት መጽሐፍ አነበበልኝ። አንድም ቀን ተገናኝተን አናውቅም፤ ካሴቱን የምወስደው ከድርጅቱ ቢሮ ነው። ስቱዲዮ የለውም፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚቀርጸው። ዝናብ ሲመጣ የጣራው ድምፅ ይሰማኛል። «ቆይ፣ እስኪያባራ» ይልና ይዘጋዋል። መጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ከጀርባ ሕፃን ያለቅሳል። አራተኛው ላይ ያው ሕፃን አፉን ፈትቶ «አባዬ፣ ለማን ነው የምታነበው?» ይለዋል። «ለአንድ ጓደኛዬ» አለውና ቀጠለ። ያቺን ቦታ ስንት ጊዜ ወደኋላ አጠንጥኜ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከአራቱ አንዱ የስታትስቲክስ መጽሐፍ ነበር። ሌሎች አንባቢዎች ግራፍ ሲያጋጥማቸው «እዚህ ጋ ምስል አለ» ብለው ያልፋሉ። እሱ ግን «አሁን አንድ ኮረብታ አስብ» አለኝ። «ከግራ በኩል ቀጥ ያለ ዳገት ነው። በቀኝ በኩል ግን ረጅም፣ አዝጋሚ ቁልቁለት አለው። አማካዩን ወደ ቁልቁለቱ የሚጎትቱት እዚያ ጫፍ ላይ ያሉት ጥቂት ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው።» መምህሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰሌዳ ላይ እየሳለ ያስተማረው ነገር በዚያች አንድ ደቂቃ ገባኝ። ፈተና ላይም መጣ።

ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ ባዘጋጀው የምስጋና ቀን ስሙ ሲጠራ ሰማሁ። ሰርተፊኬት ተቀበለ፣ ተጨበጨበ፣ ወረደ። አጠገቤ ያለውን ሰው ወደ እሱ እንዲወስደኝ ጠየቅኩት። «ኮረብታው ትዝ ይልዎታል?» አልኩት። «የቱ ኮረብታ?» አለ። ነገርኩት። ገጹን፣ ግራፉን፣ የልጁን ጥያቄ፣ የፈተናውን ውጤት። ዝም አለ። ከዚያ ሳቅም ለቅሶም በሚመስል ድምፅ «እኔ እኮ ካሴቱን የሚሰማው ሰው መኖሩንም እርግጠኛ አልነበርኩም» አለኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ! ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም፤ ጥፋቱ የቢሮው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ያለሽን ገንዘብ ለአዳራሽ ማስዋቢያ አታውዪው። አርባዎቹን ስም አውጪና ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ያገለገለውን ሰው ስም ጻፊ። ለዚያ ሰው ደውዪና «ከእሱ ጋር ስትሠራ የምታስታውሰው አንድ ነገር ምንድን ነው?» በይው። «በጣም ጎበዝ ነው፣ እግዜር ይስጠው» ካለሽ አልጨረሽም፤ መልሰሽ ጠይቂው። አንድ ቀን፣ አንድ ገጽ፣ አንድ መንገድ እስኪነግርሽ ድረስ አትልቀቂው። በስልክሽ በራሱ ድምፅ ቅጂውና ለበጎ ፈቃደኛው ላኪለት። ከአንድ ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። ፈተና ላይ ያነበቡና የጻፉትን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። ውጤቱ የተማሪው ነው፤ እሱ ካልፈቀደ አይነገርም።

የምትሰሚው ነገር ያስገርምሻል። እኔን የሚመራኝ አንድ ልጅ አለ። ብዙ ሰው ሲመራን እጃችንን ይዞ ይጎትታል፣ ወይ ከኋላ ይገፋል። ደንቡ ግን እኛ ከክርኑ ከፍ ብለን ክንዱን መያዝና ግማሽ እርምጃ ከኋላው መሄድ ነው። ይህ ልጅ ደረጃ ጋ ሲደርስ አንድ አፍታ ቆም ይላል። «ወደ ላይ» ይላል። በቃ። «ቀስ በል፣ ተጠንቀቅ፣ አይዞህ» የለም። ስለ እሱ ተናገር ብትዪኝ ስለ ደግነቱ አላወራሽም፤ ያቺን ቆም ማለቱን ነው የምነግርሽ።

ስለ ዝግጅቱ ራሱም አንድ ነገር ልበልሽ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ላይ ተጋብዘን ሄድን። ፎቶዎች በሙዚቃ ታጅበው በፕሮጀክተር ይታዩ ጀመር። የሚናገር የለም። በየመሃሉ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፣ እኛ ግን ለምን እንደሚሳቅ አናውቅም። አጠገቤ የተቀመጠችው በጎ ፈቃደኛ አላስቻላትምና ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ታስረዳኝ ጀመር። «ይሄ ባለፈው ዓመት ነው፤ አንተ ኮፍያህን ገልብጠህ አድርገሃል።» ስሟ ሲጠራ እንኳ አረፍተ ነገሯን ጨርሳ ነው የተነሣችው። በክብሯ ቀን ሥራ ላይ ነበረች። ስለዚህ ስላይድ ካለ ጮክ ብሎ የሚያስረዳ ሰው መድቢ፤ እሱም ከተሸላሚዎቹ አንዱ አይሁን። እኛንም ለፎቶ ከኋላ አታሰልፉን።

ሰርተፊኬቱን ተዪው አልልሽም። ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች ይጠቅማቸዋል። ግን ምን ሥራ፣ ስንት ሰዓት፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደሠሩ ይጻፍበት።

የቀሩትን ሰዎች ዝርዝር ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጊበት። ከመካከላቸው ለወራት ያልተጠሩ ስንቶቹ ናቸው? በፈረንጆቹ 2015 ሥራ የጀመረውን «ቢ ማይ አይስ» የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ሰምተሽ ይሆናል። ዓይነ ስውሩ በቪዲዮ ይደውላል፣ ሌላ ቦታ ያለ በጎ ፈቃደኛ የመድኃኒቱን ጽሑፍ ወይ የሸሚዙን ቀለም ይነግረዋል። የፈቃደኞቹ ቁጥር ከእኛ ከዓይነ ስውራኑ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጥሪ የሚደርሳቸው አልፎ አልፎ ነው። እዚያ ችግር የለውም፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው። እናንተ ጋ ግን ሠልጥኖ፣ ተመዝግቦ፣ ስድስት ወር ያልተጠራ ሰው «ምን ሠራሁና ልሸለም?» ብሎ ያፍራል፣ ይቀራል። ለእሱ የሚሻለው ነገ ጠዋት ደውለሽ ሥራ ብትሰጪው ነው።

አሁን ወደ እናታችን። ለብቻቸው አክብሪያቸው፣ ዲሴምበርንም አትጠብቂ። የብሬልን ጽሕፈት የፈጠረው ሉዊ ብሬል የሞተው በፈረንጆቹ 1852 ነው። የተማረበትና ያስተማረበት ትምህርት ቤት የእሱን ጽሕፈት በይፋ የተቀበለው ግን በ1854 ነው። ሁለት ዓመት ዘግይተው! ሌሎቹ ቅር ይላቸዋል ብለሽ አትስጊ። የየራሳቸው ደቂቃ በስልካቸው ከደረሳቸው ለቅያሜ ቦታ የላቸውም።

እንዴት ላክብራቸው ካልሽ፣ ዓይን ያላቸው ገልባጮች አብዛኛውን ጊዜ ብሬልን የሚያነቡት በዓይናቸው ነው፤ ነጥቦቹን ከጥላቸው ይለያሉ። እሳቸው እንዲህ ከሆኑ በጣት የሚያስተምራቸው ሰው ፈልጊላቸው፣ ከእኛ መካከል። ፊደሉን ያውቁታል፤ የቀረው ጣታቸው ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ አርሞት ማንበብ ይችላሉ፣ ሥራውን ማቆምም ላይኖርባቸው ነው። እንቢ ካሉም መብታቸው ነው፣ አታስጨንቂያቸው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። እሳቸው የገለበጡትን፣ ብዙ ተማሪ የተዋሰውን ቅጽ ከመደርደሪያ አውርጂ። የብሬል ነጥብ ብዙ ጣት ሲያልፍበት ይጠፈጠፋል። ከተማሪዎቹ አንዱ በጣም የተጠፈጠፈውን ገጽ በጣቱ ይፈልግላቸው። ከዚያ የእሳቸውን ጣት ወስዶ እዚያው ላይ ያሳርፍላቸው።