ለደጀኗ እናት፦ «ሁለተኛ ብወልድስ ይደገማል?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ ዳውን ሲንድሮም አለበት ተብለሻል። አማትሽ «ነፍሰ ጡር ሆነሽ ምች መቶሽ ነው» ይላሉ። አንቺ ደግሞ ሁለተኛ ብወልድስ ይደገም ይሆን ብለሽ ፈርተሻል። እኔም እዚሁ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነኝ። ዳውን ሲንድሮም ያላት ልጅ አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ምችም፣ ቡዳም፣ እርግማንም አይደለም። የበላሽው ነገር ወይም የተሸከምሽው እንስራም አላመጣውም።

የሰው ህዋስ 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደውን የሚሸከሙ ጥቃቅን ክሮች፣ አለው፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲሠራ ጥንዶቹ መለያየት አለባቸው። አንዳንዴ 21ኛው ጥንድ ሳይለያይ አብሮ ያልፋል። ፅንሱ ያኔ 21ኛውን ሦስት ይይዛል፤ ድምሩ 47 ይሆናል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረንሳይ ውስጥ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የማይለያየው እንቁላሉ ላይ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ የእናትየዋ ጥፋት ነዋ!» ሲል እናደዳለሁ። የእንቁላል ክፍፍል የሚጀምረው ሴቷ ራሷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። ከዚያ ለዓመታት ባለበት ቆሞ ይቆያል። እዚያ ላይ ማን ምን ማድረግ ይችላል? ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ እንደሚጨምር እውነት ነው፤ በ40 ዓመት ከ100 ወሊድ አንድ ገደማ ይደርሳል። ግን በሃያዎቹ ያሉ እናቶችም ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ይወልዳሉ።

ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። መልሱ ያለው ካርዮታይፕ የሚባለው የደም ምርመራ ላይ ነው። የልጄ ውጤት ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በመጠናቸው ተደርድረዋል። 21ኛው ቦታ ላይ ሦስት ትንንሽ ጭረቶች ቆመዋል። የልጅሽን ውጤት ስትቀበዪ የመጀመሪያውን ቁጥር እዪ። 47 ብቻ ከሆነ ከ100 ልጆች 95ቱን የሚመለከተው ዓይነት ነው፤ ወጣት ከሆንሽ የመደገም ዕድሉ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። 47ም 46ም ተጽፎ ከሆነ ትርፉ 21ኛ ክሮሞዞም ያለው ከፊል ህዋሶቹ ላይ ብቻ ነው። 46 ብቻ ሆኖ ዳውን ሲንድሮም ከተባለ ግን ትርፉ 21ኛ ከሌላ ክሮሞዞም፣ ብዙ ጊዜ ከ14ኛው፣ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። ያኔ ሳትፀንሺ በፊት አንቺም ባለቤትሽም ተመርመሩ። ጤነኛ ሆኖ ይህን የሚያስተላልፍ ወላጅ አለ፤ የመደገም ዕድሉም ከፍ ይላል።

ውጤቱን እየጠበቅሽ ግን የልጁን ልብ አታዘግዪ። ከነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ሲጠባ ቶሎ ከደከመው፣ ግንባሩን ካላበው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ነገ ዛሬ አትበዪ። ደህና ቢመስልም የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። እዚያ ከሌለ ሪፈር አጽፊና ባሕር ዳር ውሰጂው። በዚያው የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ይደረግለት፤ እሱ በየዓመቱ የሚደገም ነው።