የገመድ ፓምፕ ንድፍ በነፃ አግኝቻለሁ፣ ዳንግላ ላሠራው ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ለማያውቀው ሰው፣ የገመድ ፓምፕ ማለት እጀታው ሲዞር ገመድ ላይ የታሰሩ ክብ ጎማዎች በቱቦ ውስጥ ውሃውን ከጉድጓድ እየገፉ የሚያወጡበት ነው። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ላልሽው መልሱ አጭር ነው፤ አያስፈልግም። ንድፉ ክፍት ነው። ኒካራጓ ውስጥ የተስፋፋውም፣ እኛ ዘንድ የደረሰውም ማንም እያየ ስለሚሠራው ነው። ያዋጣል ወይ የሚለው ግን ሰፋ ያለ ነገር ነው።

መራዊ አካባቢ ከበያጆች ጋር ስሠራ እንዳየሁት፣ ሥዕሉ ነፃ ስለሆነ ብቻ ፓምፑ አርሶ አደሩ ጓሮ አይደርስም። ሥዕሉ ላይ ያለው ቱቦ ገበያ ላይ ከሌለ በቃ፣ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ብየዳ ከመጀመርሽ በፊት ከበያጁ ጋር ሱቅ ዙሪ። ቱቦውን መጀመሪያ ግዢ፣ ገመዱ ላይ የሚታሰሩትን ክብ ጎማዎች ከዚያ በቱቦው ልክ አስቆርጪ። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ጎማው ትንሽ ከሰፋ ቱቦው ውስጥ ይቀረቀራል፣ ከጠበበ ደግሞ ውሃው በጎን እያመለጠ ይመለሳል፣ እጀታውን የምታዞረዋ እናት በከንቱ ትደክማለች። ከውጭ ሲያዩት እኩል የሆነ ቱቦ ደግሞ ውስጡ ሊለያይ ይችላል። ከገዛሽው ቱቦ ቁራጭ ቆርጠሽ በያጁ ግድግዳ ላይ ይስቀለው፣ እያንዳንዱን ጎማ በእሱ እያሳለፈ ይለካ።

ጉድጓዱ ከጠለቀ ቀጠን ያለ ቱቦ ተጠቀሚ። አለበለዚያ የውሃው ክብደት ልጅ የሚችለው አይሆንም።

ገመዱ የሚዞርበትን መዘውር ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጠርዝ አሠሪው። ኩሽኔታ ይግባበት የሚል ካለ አትስሚው፤ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ብረትና ግራሶ ይበቃል፣ ሲበላም እዚያው ይቀየራል።

ቀበሌ ውስጥ የምናውቀው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕም እኮ ንድፉ ክፍት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማላዊና ኬንያ ውስጥ ሲሠራ፣ አንዱ ፋብሪካ ያመረተው መለዋወጫ ሌላው በሠራው ላይ እንዲገጥም ታስቦ ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ ለብዙ አባወራ የጋራ ውሃም እሱ ይሻላል። ግን መለዋወጫው የፋብሪካ ስለሆነ የመንደር በያጅ አይሠራውም። ጌሾና የቡና ችግኝ ለሚያጠጣ አንድ ቤተሰብ የገመዱን እመርጣለሁ።

ሥዕሉን ስልክሽ ላይ አታስቀሪው። መጠኑን በአማርኛ ጽፈሽ፣ በሴንቲሜትር አድርገሽ አንዱን ለበያጁ፣ አንዱን ለባለጉድጓዱ ስጪ። በያጁ የሆነ ነገር ከቀየረም ለምን እንደቀየረ ጠይቂውና ሥዕሉ ላይ አስገቢው፤ ክፍት ንድፍ የሚያድገው እንደዚህ ነው፣ እኛ አገር ግን ይቺን የሚያደርግ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ያሳዝነኛል።

ብዙ ከማሠራትሽ በፊት አንድ ጉድጓድ ላይ ግጠሚ። ገመዱን ፀሐይ ስለሚበላው መበጠሱ አይቀርም። ያኔ ቤተሰቡ ያለ አንቺ ቋጥሮ ማስነሳት ከቻለ ቀጥዪ። የተስተካከለውን ልክ እዚህ ለጥፊልን፣ ዱርቤቴና ቡሬ ሆነው ይህንኑ የሚጠይቁ አሉ።