እምቢ ማለት የሚችል ማሽን

ይድረስ ስለሚመጣው ዘመን ለምትጽፉ የወሎ ልጆች፤

ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ 11 የሳይንስ ልቦለዶቻችሁን እንዳነብላችሁ ስትሰጡኝ፣ የመረጣችሁኝ ደራሲ ስለሆንሁ ሳይሆን 31 ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ስሠራ ከማሽን ጋር ስለኖርሁ እንደሆነ ገብቶኛል። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ። በዘጠኙ ውስጥ ሮቦቶች ያምፃሉ፣ ከተማ ያቃጥላሉ፣ በመጨረሻም አንዱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ «ነጻ ወጣን» ብሎ ይናገራል። አብሽሩ፣ አጻጻፋችሁን ልነቅፍ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ዕድሜ እኩዮች የተሻለ አማርኛ ትጽፋላችሁ። የማልስማማው ዐመፁን የነጻ ፈቃድ ማስረጃ አድርጋችሁ በማቅረባችሁ ነው።

ዐመፁ ከቃሉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 እ.ኤ.አ. ያወጣው ተውኔት ሲሆን፣ ቃሉን ያቀበለው ሰዓሊ ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። በቋንቋቸው «ሮቦታ» ማለት ገበሬው ለባላባቱ ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው፤ አያቶቻችን ሁዳድ የሚሉት ዓይነት። በዚያ ተውኔት ውስጥም ሮቦቶቹ ተነሥተው የሰውን ዘር ያጠፋሉ። ስለ ሁዳድ ከአያቱ አፍ የሰማ ወሎዬ ለእንዲህ ያለው ዐመፅ ምክንያቱን ከኤሌክትሮኒክስ ውስጥ መፈለግ አያስፈልገውም። ነገር ግን የተጫነ ሞላ ሲለቁት ይፈናጠራል፤ በመፈናጠሩም ፈቃድ አለው አንልም። የእናንተ ሮቦቶችም አብዛኞቹ የተጫኑ ሞላዎች ናቸው።

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። የሸማኔ ልጆች የሆናችሁ ድርና ማግን ታውቃላችሁ። በፋብሪካው የሽመና ማሽን ላይ በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ አንዲት ስስ የብረት ቅጠል ትንጠለጠላለች። ክሩ ሲበጠስ ቅጠሏ ትወድቃለች፤ ስትወድቅ ተለያይቶ የነበረውን የኤሌክትሪክ መስመር ታገናኛለች፤ ማሽኑም ወዲያው ይቆማል። ሊጎበኙ የሚመጡ ሰዎች «አየው እኮ!» ይሉ ነበር። ማሽኑ ግን ምንም አላየም፣ ብረት ወደቀ እንጂ። ከእናንተ አንዱ በሰባት ገጽ ውስጥ 14 ጊዜ «ሮቦቱ አሰበ» ብሏል፤ ምንና ምን እንዳመዛዘነ ግን አንድም ጊዜ አልነገረንም። እንዲህ ከሆነ ከወደቀችው ቅጠል በምን ይለያል?

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ ለማንም ጽፌው የማላውቀውን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርሁበት፣ ስሙን በማልጠራው ፋብሪካ ውስጥ፣ የአንድ ማሽን መከለያ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ በየሰዓቱ ምርት ያቋርጥ ጀመር። መለዋወጫ አልነበረም። የፈረቃው ኃላፊ «ለጊዜው ዳይሬክት አድርገው» አለኝ። ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኘኋቸው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሠራተኛ መከለያውን ከፍታ የተጠመጠመ ጥጥ ልታወጣ እጇን ስትሰድ ማሽኑ አልቆመም፤ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች አጣች። መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ «ታዝዤ ነው» አልሁ። ማሽኑም አፍ ቢኖረው ያንኑ ይል ነበር። ልዩነታችን ይህ ነበር፦ እኔ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «አላደርገውም» ማለት እችል ነበር፤ ደመወዜ ይቆረጥ ይሆናል፣ ልባረርም እችል ነበር፣ ግን እችል ነበር። ስለ ነጻ ፈቃድ የማውቀውን ያስተማረኝ ያ «እችል ነበር» ነው። ለእናንተም ታሪክ የሚሆነው ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል።

ስለ ጦርነት ስትጽፉም ይህንኑ አስቡ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.፣ ከሞስኮ ብዙም በማይርቅ የሶቪየት የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ጣቢያ ተረኛ የነበረው ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ፣ የሳተላይቱ ሥርዓት በመጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎም አራት የኑክሌር ሚሳይሎች ከአሜሪካ እንደተተኮሱ ሲነግረው፣ ጦርነት ሊከፍት የፈለገ አገር በአምስት ሚሳይል ብቻ አይጀምርም ብሎ አመዛዘነና የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ሲል ለበላዮቹ አመለከተ። ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና ላይ የነጠረ የፀሐይ ብርሃን ነበር። ማሽኑ እንደተሠራበት ሠርቷል። ሰውየው ግን እርግጠኛ ሳይሆን ወሰነ፤ ኋላም የሥራ መዝገቡን በአግባቡ ባለመሙላቱ ተወቀሰ። ለእኔ ይህች የመዝገብ ነገር ከሚሳይሎቹ ይልቅ ለልቦለድ ትመቻለች።

አንዳንዶቻችሁ የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊው አይዛክ አሲሞቭ በ1942 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታሪክ ውስጥ የደነገጋቸውን ሦስት የሮቦት ሕጎች ተጠቅማችኋል፤ የመጀመሪያው ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ የሚከለክል ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን ሰውን መጉዳት ጨርሶ የማይችል ሮቦት ደግ አይደለም፣ ታስሯል እንጂ። ውሻ ታስሮ ሳለ አልነከሰም ብለን ጨዋ ነው አንልም።

ለቋንቋው መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ለማስረዳት ሩቅ አገር አልሄድም። አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያኖቹ በራሳቸው ቅጂ ተመርኩዘው ግዴታ ነው አሉ። በዚያ አንድ ግስ ምክንያት የተነሣው ጠብ ዓድዋ ድረስ ሄደ። እንግዲህ ሮቦታችሁ የተጻፈለት ትእዛዝ «ተኩስ» ይሁን «መተኮስ ትችላለህ» ይሁን ለይታችሁ አስቀምጡ። ለሁለተኛው ሮቦት ጠበቃም ዳኛም ያስፈልገዋል፤ ለመጀመሪያው መሐንዲሱን መጠየቅ ይበቃል።

ስለ ሮቦቶች ማኅበረሰብ የጻፋችሁትን ሳነብ ከሁሉ የጎደለኝ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ነው። አዛዥ አላቸው፣ የኃይል ማመንጫ አላቸው፣ ሠራዊት አላቸው፤ የሚቀባበር ግን የለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጥሪው ይደርሳል፣ የቅሬው አባል ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ መቃብር ይቆፍራል። ሮቦት በመለዋወጫ የሚተካ ከሆነ ሞት የለውም፤ ሞት የሌለው ወታደር በጦርነት ምን አጣ ልንል ነው? ይህንን ሳትመልሱ አንድ ሺህ ሮቦት በገጽ 3 ብትገድሉ አንባቢው ቡናውን መጠጣት አያቆምም።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውንም ማንም አልነካውም። በአገራችን ደም ሲፈስ አበጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ በመሐል ይገባሉ፣ ደም ይደርቃል። በዚያ ሸንጎ ፊት የቀረበ ገዳይ «አጥፍቻለሁ» ማለት አለበት፤ ሌላ ሰው ሊልለት አይችልም። ሮቦታችሁን እዚያ አቁሙት። ራሱ አፉን ከፍቶ ጥፋቱን ከተቀበለ ፈቃድ አለው ማለት ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ ከጎኑ ከቆመም ገዳዩ ማን እንደነበረ ተገለጠልን። አያቴ «ቀደር ነው» ስትል፣ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ደግሞ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ስትል፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይህንኑ ሲከራከሩ ነው ያደግሁት። ሁለቱም ግን ሰው የገደለ ሰው ዕድሌ ነው ብሎ ከሽማግሌ ፊት እንዲያመልጥ አይፈቅዱም ነበር። (ይህን ክርክር ለሁለት ሮቦቶች ብትሰጧቸው ደስ ይለኛል፤ ቡናው ቢቀርም።)

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ እናቴ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እስክታረጅ ድረስ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ሰውየው ቁልቁል ሲያይ እኛን አይቶን ይሆን?» በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የእናቴ ጥያቄ ትዝ ይለኝ ነበር። ወደፊት ማንም ሳይነዳው ዒላማውን የሚመርጥ መሣሪያ በሰማይ ላይ ሲያልፍ አንዲት ልጅ ያንን ጥያቄ ስለ ማን ትጠይቃለች? ከእናንተ ታሪኮች ሁሉ ወደዚህ የቀረበው ሐረጎ ላይ ኬላ የሚጠብቀው ሮቦት ታሪክ ነው። ጭነት የተሸከመች ሴት ላይ እንዲተኩስ ታዘዘ፣ አልተኮሰም፣ በማግሥቱ ፈታቱት፣ ታሪኩም አለቀ። ደራሲዋ ልጄ፣ ቸኮልሽ። ሮቦቱ ያልተኮሰው መሣሪያው ነክሶበት ይሁን አመዛዝኖ ይሁን አልነገርሽንም፤ ፈታቾቹም አልጠየቁትም። ምርመራ ይደረግለት፤ «ታዝዤ ነው» የማይል መልስ ይስጥ።

ደብተሮቻችሁን በዚህ ሳምንት እመልሳለሁ። አስተያየቴን የጻፍሁት በእርሳስ ስለሆነ ያልተስማማችሁበትን ማጥፋት ትችላላችሁ። በሐረጎው ታሪክ ላይ ብቻ ምንም አልጻፍሁም፤ ከገጽ 9 ቀጥሎ አራት ባዶ ወረቀት ሰፍቼበታለሁ።