ራዳር ያዘኝ፤ ኢንሹራንሴ ይጨምራል?

እንዴት ከረማችሁ? ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ስለ ፍጥነት ቅጣትና ስለ መኪና ኢንሹራንስ ናቸው። አራቱን ልመልስ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ቪትዝ አለችኝ። ከደጀን ስመለስ በፍጥነት ተቀጣሁ። ሙሉ ኢንሹራንሴን ለማደስ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ይጨምርብኛል?»

ወንድሜ፣ ቅጣቱ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይጨምርብህም። የእኛ አገር ኢንሹራንሶች በዋናነት የሚያዩት የመኪናውን ዋጋ፣ የሚሠራበትን ሥራና ካሳ ጠይቀህ እንደሆነ ነው። በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው የሦስተኛ ወገኑ ደግሞ በታሪፍ ስለሆነ ድርድር የለውም። አንተ መጠበቅ ያለብህ «ኖ ክሌም» የሚሉትን ቅናሽ ነው። ዓመቱን ካሳ ሳትጠይቅ ከጨረስህ ይቀነስልሃል። ቅጣቱን በጊዜ ክፈል። ቅጹ ላይ ከተጠየቅህም አትደብቅ፤ አውቆ የዋሸ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ጥፋት ሲደጋገም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ታግደህ ስትነዳ ከተጋጨህ ደግሞ ካሳውን እርሳው።

ከቡሬ፦ «አይሱዙ አለኝ። ሾፌሬ በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ተቀጣ። አንዴም ከፊቱ የነበረ መኪና ገጭቶ ኢንሹራንስ ከፈለ። ሳድስ ዋጋው ጨመረ። ልጁ ታማኝ ነው፣ ላሰናብተው አልፈልግም።»

ጋሼ፣ ዋጋውን የጨመረው ግጭቱ ነው። ግጭቱን ያመጣው ግን ያው ጥድፊያ ይመስለኛል። መጀመሪያ ልጁን ምን እንደሚያስቸኩለው ይጠይቁት። የሚከፍሉት በምልልስ ነው? ከሆነ ነዳጁን አብረውት እየረገጡ ነው። በወር ደመወዝ ያድርጉለት፤ ሦስት ወር ሳይቀጣና ሳይጋጭ ከሠራ ጉርሻ ይጨምሩለት።

ለልጁ ይህን ሒሳብ ያሳዩት። 50 ኪሎ ሜትር መንገድ በ60 እና በ80 ሲነዳ ልዩነቱ 12 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። በ80 የሚሄድ መኪና ግን በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያልፋል። በገበያ ቀን ጤፍ የጫነች አህያ አስፋልት ለመሻገር ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል? እሱ ራሱ ይቁጠር። ከደጀን ወደ አባይ ሲወርድም ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ይውረድ። ፍሬን ላይ ተኝቶ የወረደ መኪና ድልድዩ ጋ ሲደርስ የፍሬኑ ሸራ ይሸታል። ያን ሽታ የሚያውቅ ሾፌር ሁለተኛ አይቸኩልም።

ወደ ኢንሹራንሱ ስንመጣ፣ ሦስት ቦታ ዋጋ ይጠይቁ። ጂፒኤስ ካስገጠሙ ይንገሯቸው። ጉዳት ሲደርስ ከራስዎ የሚከፍሉትን ድርሻ፣ «ኤክሰስ» የሚሉትን፣ ከፍ ካደረጉ አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉት ዋጋ፣ ይወርዳል። ለመቆጠብ ብለው ግን የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርገው እንዳያስመዘግቡ አደራ። በግማሽ ዋጋ የገባ መኪና ሲጎዳ ካሳውም በግማሽ ይሰላል። በዚህ የተጎዱ ሰዎች ስላየሁ ነው አጥብቄ የምነግርዎ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ጋሪ በሩን ቦጨቀው። ካሳ ልጠይቅ ወይስ በራሴ ላሠራው?»

እህቴ፣ አስልተሽ ወስኚ። እንበል ጥገናው 9,000 ብር፣ ያንቺ ድርሻ 3,000 ነው። ከኢንሹራንስ የምታገኚው 6,000 ብር ይሆናል። አረቦንሽ 40,000፣ የ«ኖ ክሌም» ቅናሽሽ 20 በመቶ ከሆነ ደግሞ ካሳ በመጠየቅሽ የሚቀርብሽ ቅናሽ 8,000 ነው። ስለዚህ በራስሽ አሠሪው። ካሳ ከጠየቅሽ ግን አትዘግዪ፤ የንግድ ሕጉ ለማሳወቅ ቢበዛ 5 ቀን ነው የሚሰጠው። ሰው ከተጎዳ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይቅር፦ ቁስለኛውን ወደ ሕክምና፣ ጉዳዩን ወዲያው ወደ ትራፊክ ፖሊስ።

ከቢቸና፦ «ወንድሜ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ ነው የሚኖረው። በፍጥነት ትኬት ተሰጠው። ኢንሹራንሴ ሊጨምር ነው ብሎ ተጨንቋል።»

እዚያ ጭንቀቱ እውነት ነው። ኢንሹራንሶቹ የመንጃ ፈቃዱን መዝገብ ያያሉ፤ አንድ ትኬት ብዙ ጊዜ ለ3 ዓመት ያህል ዋጋ ላይ ይቆያል። ዝም ብሎ ከከፈለ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ስለዚህ ሳይከፍል በቀጠሮው ፍርድ ቤት ቢቀርብ ይሻላል። እዚያ የ8 ሰዓት የአሽከርካሪ ማሻሻያ ትምህርት አለ። ዳኛው ትምህርቱን ካዘዘለት ጥፋቱ ሊቀልለት ይችላል። በፈቃዱ ቢማርም መዝገቡ ላይ 5 ጥሩ ነጥብ ይጨመርለታል። ከተፈቀደው 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አሳልፎ፣ ወይም ከ85 ማይል በላይ ነድቶ ከሆነ ግን በወንጀል ያስከስሳል፤ ጠበቃ ይያዝ። ዋጋው ከጨመረም ሌሎች ድርጅቶችን ይጠይቅ። አዲሱ ውል ሳይጀምር ግን አሮጌውን በንዴት እንዳያቋርጥ ንገረው፤ አንድ ሳምንት እንኳ ያለ ኢንሹራንስ ከቆየ የሚቀጥለው ዋጋ ከዚህ ሊብስበት ይችላል።