ሽታው ለምን ይጠፋብኛል?

ጥያቄ፦ በጥሞና ጊዜ ዕጣን አጨሳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው ይጠፋብኛል፤ ራሴንም ያመኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሽታው አልጠፋም፤ አፍንጫዎ ለምዶት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕጣን ይጨምራል፤ ያኔ ጭሱ ራስ ያሳምማል። ለጊዜው ዕጣኑን ይተዉትና አንድ ጠብታ የላቬንደር (ጥሩ መዓዛ ያለው አበባ) ዘይት ጥጥ ላይ ያንጠባጥቡ፤ ከፊትዎ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርቁት። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ እስከ 6 እየቆጠሩ በዝግታ ያስወጡ። ትከሻዎ ከፍ ዝቅ ካለ በደረትዎ ብቻ እየተነፈሱ ነውና እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ፤ አየር ሲስቡ ሆድዎ እጅዎን ከፍ ያድርገው። ከ10 ትንፋሽ በኋላ ጥጡን ብልቃጥ ውስጥ ከድነው ያለ ሽታ ይቀጥሉ (ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው)። ካዞረዎት አየር አብዝተው ስበዋል፤ ወደ ተለመደው አተነፋፈስዎ ይመለሱ። አስም ካለብዎ ግን ጭሱም ዘይቱም ይቅርብዎ።